የኪው ፓጎዳ በብዕርና በተበረዘ ቀለም

በለንደን ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በኪው የአትክልት ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1762 ተሠርቶ ያለቀው ፓጎዳ፣ ጥንታዊ የአትክልት ሥፍራ ሕንፃን በብዕርና በውሃ በተበረዘ ቀለም ለመሣል ለሚነሣ ባለሙያ ከመምህር የማያንስ ነው። ያሠራችው የንጉሥ ጆርጅ 3ኛ እናት ልዕልት አውጉስታ ስትሆን፣ የነደፈው ዊሊያም ቻምበርስ በወጣትነቱ በስዊድን የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ተቀጥሮ ካንቶን ድረስ የዘለቀ ሰው ነበር።

ቻምበርስ ራሱ እንደመዘገበው፣ የመጀመሪያው ደርብ ወርዱ 26፣ ቁመቱ 18 ጫማ ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ ዘጠነኛው ድረስ ወርዱም ቁመቱም በአንድ በአንድ ጫማ እየቀነሰ ይሄዳል። ጠቅላላ ከፍታው 163 ጫማ ነው። ደርቦቹ አሥር ናቸው፤ የቻይና ፓጎዳዎች ደርብ በልማድ ጎዶሎ ቁጥር በመሆኑ፣ ካንቶንን ያየ ሰው ይህን መዝለሉ ያስገርማል።

ይህን መቀናነስ የሚይዘው ብዕር ነው፤ እርሱን የዘነጋ እጅ ማማውን የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ያስመስለዋል። ስምንት ማዕዘንነቱን ግን መስመር ብቻውን አይገልጸውም። ብርሃን የሚያርፍበት ገጽ ወረቀቱ ባዶውን ይተዋል፤ ቀጥሎ ያለው አንድ ጊዜ፣ ከብርሃን የራቀው ሁለት ጊዜ ይቀባል። የፊተኛው ሳይደርቅ የተደረበ እንደሆነ ጠርዙ ይፈስና ማማው ክብ ሆኖ ይቀራል። የብዕሩም ቀለም ውሃ የማያስለቅቀው መሆን አለበት።

ቻምበርስ የኪውን ሕንፃዎች እ.ኤ.አ. በ1763 በታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። በመዳብ ላይ ተቀርጸው የታተሙት ሥዕሎች ቅርጽንና ጥላን እንጂ ቀለምን አላስተላለፉም። ዊሊያም ማርሎው በዚያው ዓመት በውሃ ቀለም የሣለው ገጽ ግን ዛሬ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል፤ በላዩም አልሃምብራ፣ ፓጎዳና መስጊድ የተባሉት ሦስት ሕንፃዎች ጎን ለጎን ይታያሉ። ከሦስቱ ዛሬ የቆመው ፓጎዳው ብቻ ነው። የሌሎቹን መልክ የምናውቀው ከወረቀት ነው።

ፓጎዳውም ቢሆን ሙሉ ሆኖ አልዘለቀም። በጣሪያዎቹ ማዕዘኖች ላይ የነበሩት 80 የእንጨት ዘንዶዎች እ.ኤ.አ. በ1784 ለጣሪያ ጥገና ወረዱና ሳይመለሱ ቀሩ። ለልዑሉ ዕዳ መክፈያ ተሸጡ የሚል ወሬ ቢኖርም፣ እንጨቱ በስብሶ ነበር ማለቱ ለእውነት ይቀርባል። ሠዓሊ ጌጥ ነው ብሎ በጥቂት ጭረት የሚያልፈው እንዲህ ያለውን ነው፤ ኋላ ግን አዳሹ የሚፈልገው እርሱን ነው። ዘንዶዎቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ቦታቸው ሲመለሱ፣ የታችኛው ጣሪያዎቹ ከእንጨት ተቀርጸው፣ የላይኞቹ ግን ክብደታቸው እንዲቀል ከናይለን ተሠርተው ነበር።