በሙታን መካከል የቀሩ ሕያዋን

አባቶቻችን «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ብለው ተርተዋል። ይህ ተረት በብዙ መከራ የተገኘ ጥንቃቄን ስለሚያስተምር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የሰው ልጅ በዚህ ምክር ብቻ ጸንቶ ቢኖር ኖሮ መንደር ከመንደር ባልተገበያየ፣ አገርም አገር ባልሆነ ነበር። ጥንቃቄ የት ላይ ማብቃት፣ መተማመንስ ከየት መጀመር እንደሚገባው ለመመርመር የታሪክ ሰዎች የነገሥታትንና የጦርነትን መዝገብ ይገልጣሉ። እኛ ግን ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ይዘን የምንመለከተው በአሜሪካ አገር በሥዕልና በጥቂት ቃል የተነገረ አንድ የልብ ወለድ ታሪክ ነው። ስሙ «ዘ ዎኪንግ ዴድ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «የሚራመዱ ሙታን» ማለት ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጽሐፉ በፊት ስለ ነገሩ ምንጭ ጥቂት እንናገር። ዞምቢ የሚባለው ነገር የመጣው ከሄይቲ ነው። በዚያ አገር ባህላዊ እምነት ዞምቢ ማለት አንድ ጠንቋይ ከመቃብር አስነሥቶ፣ ፈቃዱን ወስዶ፣ እንደ ባሪያ የሚያሠራው ሙት ነው። ባሪያ ሆነው በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ያለቁ ሰዎች ልጆች፣ ከሞት በኋላም ቢሆን የማይቀር ባርነትን ከሁሉ አብልጠው ቢፈሩ አያስደንቅም። ወሬው ባሕር ተሻግሮ በ1932 «ኋይት ዞምቢ» በተባለው ፊልም ወደ አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ገባ። በ1968 ደግሞ ጆርጅ ሮሜሮ የተባለው የፊልም አዘጋጅ «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» በተባለው ሥራው የነገሩን መልክ ለወጠው። በእርሱ ፊልም ውስጥ ሙታኑ ጌታ የሌላቸው፣ የሕያዋንን ሥጋ የሚበሉ ናቸው። በአንድ የገጠር ቤት የተጠለሉት ጥቂት ሰዎች ግን ሙታኑን ከመከላከል ይልቅ ምድር ቤት እንውረድ ወይስ ላይ እንቆይ በማለት እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ሌሊቱን በሕይወት ያለፈው አንድ ሰው ነው፤ እርሱንም ሲነጋ ሙታንን ለማጥፋት የመጡ ታጣቂዎች ከሙታን አንዱ መስሏቸው ተኩሰው ይገድሉታል። እንግዲህ የዚህ ዓይነቱ ታሪክ ዋና ጥያቄ ገና ያን ጊዜ ተነሥቶ ነበር፤ ይኸውም ሰው ሰውን በሩቁ አይቶ እንዴት ይለየዋል? የሚል ነው።

ሮበርት ኪርክማን የተባለው ጸሐፊ ይህን ጥያቄ ተቀብሎ በ2003 ዓመት በጥቅምት ወር «ዘ ዎኪንግ ዴድ»ን ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቍጥሮች የሣለው ቶኒ ሙር ነው፤ ከሰባተኛው ጀምሮ እስከ ፍጻሜው ድረስ የሣለው ቻርሊ አድላርድ ነው። አሳታሚው ኢሜጅ ኮሚክስ ነበር። መጽሐፉ በጥቁርና በነጭ ቀለም እየታተመ እስከ 2019 ድረስ ቀጥሎ በ193ኛው ቍጥር ተፈጸመ። በ2010 ደግሞ በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ፊልም በሁለት ሰዓት ያልቃል፤ ኪርክማን ግን ሰዎቹን ዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል ስለ ተከተላቸው፣ ከአንድ ሌሊት ፍርሃት አልፎ ከድንኳን ተነሥተው ወደ መንግሥት የሚደርሱበትን መንገድ ለመጻፍ ጊዜ አገኘ። ይህን መጽሐፍ እንደ ታሪክ ልናነበው የደፈርነውም ስለዚህ ነው።

የታሪኩ መሪ ሪክ ግራይምስ የኬንታኪ ፖሊስ ነው። ቆስሎ ራሱን ስቶ ከተኛበት ሆስፒታል ሲነቃ ዓለም ፈርሶ ያገኘዋል፤ ሚስቱን ሎሪንና ልጁን ካርልን ፍለጋም ወደ አትላንታ ይሄዳል። ካገኛቸው በኋላ ወገኖቹ ከሌላ ወገን ጋር የተዋወቁት በቁስል ነው። ኦቲስ የተባለ ሰው ሳያስበው ካርልን በጥይት ይመታዋል፤ ነገር ግን ያው ያቆሰለው ሰው ወደሚኖርበት እርሻ መርቶ ያደርሳቸዋል፤ የእርሻው ባለቤት ሄርሼልም ልጁን ያድነዋል። ይሁን እንጂ ሄርሼል እንግዶቹን ለዘለቄታው ማስጠጋት አልፈለገም። ሙታኑን ግን በሽተኞች ናቸው፣ ምናልባት ይድናሉ በማለት በጎተራ ዘግቶ ያኖራቸው ነበር። ለሙታን ተስፋ ያልነፈገ ሰው ሕያዋኑን ከደጁ አስወጣ። ጎተራው በተከፈተ ጊዜም የገዛ ልጆቹን እዚያው አጣ።

ቀጥሎ ወገኖቹ ባዶ ወደ መሰላቸው ወኅኒ ቤት ገብተው አራት እስረኞች ያገኛሉ። ከእነርሱ አንዱ ዴክስተር በነፍስ ግድያ የታሰረ መሆኑን ሳይሸሽግ ይናገራል፤ ቶማስ የተባለው ግን በግብር ማጭበርበር ነው የታሰርሁት ይላል። የሄርሼል ሁለት ሴት ልጆች ተገድለው በተገኙ ጊዜ ወዲያው የተዘጋበት እውነቱን የተናገረው ዴክስተር ነበር፤ ገዳዩ ግን ቶማስ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም ሪክና ሁለት ጓደኞቹ ዉድበሪ ወደምትባል የታጠረች ከተማ ይደርሳሉ። ገዥው ያሉበትን ስፍራ እንዲነግሩት ጠየቀ፤ ሪክ እንቢ ባለ ጊዜ ቀኝ እጁን ቈረጠው። ዘግይቶም ሠራዊቱን ይዞ ወኅኒ ቤቱን አፈረሰ፤ ሎሪና ጨቅላ ልጇም እዚያ ሞቱ። በመጨረሻ ገዥውን የገደለችው፣ በእርሱ ትእዛዝ እናትን ከነልጇ መግደሏን ያወቀች የገዛ ተከታዩ ናት። በፍርሃት የተሰበሰበ ሕዝብ መሪው ያታለለው መሆኑን ባወቀበት ቀን እንደሚበተን ጸሐፊው በዚህ ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የተረፉት ሰዎች ማንንም ባያምኑ ማን ይፈርድባቸዋል? አሮን የተባለ ሰው ወደ አሌክሳንድሪያ ሊጋብዛቸው ሲመጣ ሪክ የተቀበለው በጥርጣሬ ነው። የከተማይቱ ሕግ እንግዳ መሣሪያውን እንዲያስረክብ ያዝዛል፤ እነርሱም አስረከቡ፤ ዳሩ ግን ከግምጃ ቤቱ ጥቂት ጠመንጃ በስውር ወሰዱ። እዚህ ላይ አንባቢው ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። እስካሁን ሌላውን ሲፈሩ የነበሩት ሰዎች አሁን ራሳቸው የሚያስፈሩ እንግዶች ሆኑ። ልዩነቱ የጠፋው የከተማው ቅጥር ፈርሶ ሙታኑ በገቡበት ቀን ነው፤ ነባሩና መጤው ጎን ለጎን ተዋጉ። ያን ቀን የተገኘው መተማመን ከስብሰባና ከንግግር የሚበልጥ ነበር።

በዚሁ ጊዜ ዩጂን የተባለው ሰው ታሪክ ይገኛል። የመቅሠፍቱን ምክንያት የማውቅ ሊቅ ነኝ ብሎ ብዙ ሰው ወደ ዋሽንግተን ካስጓዘ በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ብቻ መሆኑ ታወቀ። አላባረሩትም። ይኸው ሐሰተኛ በኋላ ጥይት የሚሠራላቸው፣ በሬዲዮ ከሩቅ አገር ሰው ጋር የሚያነጋግራቸው፣ በመጨረሻም የባቡር ሐዲድ የሚዘረጋ ሆነ። የጠፋ አመኔታ በይቅርታ ይጀመር ይሆናል እንጂ የሚመለሰው በሥራ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ በመጽሐፉ ውስጥ አላገኘንም።

ከዚያ የሂልቶፕ መንደር መልእክተኛ መጣ። መንደሩ ኒጋን ለተባለ ሽፍታና ራሳቸውን «አዳኞች» ለሚሉ ጭፍሮቹ የሀብቱን እኩሌታ ይገብር ነበር። በ2012 በወጣው 100ኛው ቍጥር ኒጋን ከሪክ ወዳጆች አንዱን ግሌንን በጭካኔ ገደለው። አሌክሳንድሪያ፣ ሂልቶፕና ኪንግደም እስከዚያ ድረስ በየቅጥራቸው ይኖሩ የነበሩ ናቸው፤ ግፉ አንድ አደረጋቸው፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ በ2013 እና በ2014 በታተሙት ቍጥሮች በተተረከው ጦርነት አሸነፉ። ሪክ ግን ኒጋንን በመግደል ፋንታ አስታምሞ አሰረው። ከሁለት ዓመት በኋላ በመንደሮቹ መካከል መንገድ ተጠርጎ፣ ገበያ ቆሞ እናያለን። የጋራ ጠላት ሦስቱን መንደሮች አቀራረባቸው፤ ሕብረታቸውን ያጸናው ግን በቂም ፋንታ የተተከለው ሕግና ከመንደር ወደ መንደር የሚመላለሰው ነጋዴ ነው።

ጸሐፊው በዚህ አላበቃም። የሙታንን ቆዳ ለብሰው የሚኖሩት፣ «ሹክሹክተኞች» የተባሉት ሰዎች መሪ አልፋ፣ የገደለቻቸውን የገበያተኞች ራስ በእንጨት ላይ ሰክታ ድንበር አበጀች። ይህ ድንበር ሰው ከሰው ጋር መኖርን ጨርሶ የመተው ምልክት ነው። በመጨረሻም በኦሃዮ ኮመንዌልዝ የተባለ ኀምሳ ሺህ ሕዝብ ያለው ከተማ ተገኘ። ሥርዓት፣ ፍርድ ቤትና ጠባቂ ነበረው፤ ነገር ግን ሰውን ከጥፋቱ በፊት በነበረው ማዕርግ እየመዘነ ይሾምና ይሽር ነበር። ሪክ በዚያ ሊነሣ የነበረውን የእርስ በርስ ጦርነት ቢያስቀርም፣ የገዥዋ የፓሜላ ሚልተን ልጅ ሰባስቲያን በሌሊት ገደለው። ብዙ ጠላት ያላሸነፈውን ሰው የጣለው ክብሩ የተነካ የመኳንንት ልጅ ነው።

በ193ኛው ቍጥር ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ካርል ጎልምሶ በእርሻው ይኖራል፤ የማጊና የግሌን ልጅ ደግሞ ሙታንን በሠረገላ እየጫነ ለገንዘብ ለሕዝብ ያሳያል። ካርል እነዚያን ሙታን በመግደሉ በንብረት ጥፋት ተከሶ ከዳኛ ፊት ይቆማል። ዳኛዋ ቀድሞ በጐራዴዋ ትታወቅ የነበረችው ሚሾን ናት፤ ፍርዱንም ለካርል ሰጠች። በአንድ ትውልድ ውስጥ ጐራዴው ለችሎት ቦታውን ለቀቀ።

እንግዲህ ተረታችንን መልሰን እንይ። ይህ መጽሐፍ የማያውቁትን ሁሉ እመኑ አይልም፤ ዉድበሪንና ቶማስን ያሳየን እርሱ ነውና። ነገር ግን የማያውቁት ሰው መልአክ ይሁን ሰይጣን በቅጥር ላይ ቆሞ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ወርዶ አብሮ በመሥራት፣ በመገበያየትና ለአንድ ሕግ በመገዛት ነው ይላል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ባለጉዳይን የሚቀበል ሹም፣ ከየአውራጃው የመጡ ልጆችን በአንድ ወንበር የሚያስቀምጥ መምህር፣ አጠገቡ የተቀመጠውን የማያውቅ ተማሪ፣ ሁሉም በየዕለቱ በዚያ ቅጥር በር ላይ ቆመዋል። በሩን መጠበቅ ተገቢ ነው፤ በሩ ግን የተሠራው እንዲከፈትም ጭምር ነው።