የ1965ቱ ድምፅ በአዲስ ሳጥን፦ ዳግም የተሠራው ዴሉክስ ሪቨርብ አምፕሊፋየር ሲፈተሽ

የፌንደር ኩባንያ «ዴሉክስ ሪቨርብ» እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1963 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት የተጀመረ የኤሌክትሪክ ጊታር አምፕሊፋየር ነው። ጉልበቱ 22 ዋት ሲሆን አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከርና ዘጠኝ የመስታወት ቲዩቦች አሉት። በድሮዎቹ ትልልቅ ሬዲዮኖች ውስጥ የነበሩትን ቫልቮች የሚያስታውስ ሰው የቲዩብን ጠባይ ያውቃል፤ ሬዲዮው ከተከፈተ በኋላ ቫልቩ እስኪግል መጠበቅ ግድ ነበር።

ፌንደር በ1965 መጀመሪያ ላይ ሲቢኤስ ለተባለው ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከሽያጩ በኋላ ስለ ጥራት ቅሬታ እየበዛ በመሄዱ የቀደሙት አምፕሊፋየሮች በሙዚቀኞችና በሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊ ሆኑ፤ ዋጋቸውም ናረ። ኩባንያው በ1985 ከሲቢኤስ እጅ ከወጣ በኋላ፣ በ1993 የድሮውን ንድፍ ተከትሎ «65 ዴሉክስ ሪቨርብ» የተባለውን ሠርቶ ለገበያ አቀረበ።

አሮጌውና አዲሱ በመልክ መንትያ ቢመስሉም ውስጣቸው ይለያያል። የድሮው ዕቃዎች በእጅ ተበይደው የተያያዙ ሲሆኑ አዲሱ በፋብሪካ የታተመ የሰርኪዩት ሰሌዳ አለው። ይህ የማምረቻ ወጪን ይቀንሳል፤ ለጠጋኝ ግን አይመችም። በእጅ የተበየደውን መፍታትና መተካት ቀላል ሲሆን፣ የታተመው ሰሌዳ ላይ ብየዳው ሲበዛ ቀጭኑ የመዳብ መስመር ሊነሳ ይችላል። ድምፁን በተመለከተ ልዩነቱ ብዙዎች እንደሚያጋንኑት አይደለም። አዲስ ስፒከር መጀመሪያ ላይ ደረቅና ሹል ሊሰማ ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ቀን ስሜት ብቻውን ለፍርድ አይበቃም።

ፍተሻው የሚጀምረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። አምፕሊፋየሩ ሁለት ቻናል ያለው ሲሆን ሪቨርብና ቪብራቶ የሚሠሩት «ቪብራቶ» በተባለው ቻናል ላይ ብቻ ነው። ቪብራቶ የተባለውም በትክክል ሲነገር የድምፁን ቅጥነት ሳይሆን መጠኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ነው፤ ስሙ ከጥንቱ የተሳሳተ ቢሆንም እንደጸና ቀርቷል። ሪቨርቡ የሚፈጠረው ሳጥኑ ውስጥ በተዘረጉ ሽቦ ምንጮች በመሆኑ፣ አምፕሊፋየሩ ሲገፋ ወይም ሲመታ የነጎድጓድ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ይህ ብልሽት አይደለም።

ዋናው ነገር የሚታወቀው የድምፅ መጠኑ ከአጋማሽ ሲያልፍ ነው። በዝቅተኛው መጠን ላይ ድምፁ ንጹሕና ጥርት ያለ ነው። ከፍ ሲል ቲዩቦቹ አቅማቸው እያለቀ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ቀስ በቀስ ያለሰልሱታል፤ በዚህም ጊታሩ ይሻክራል፣ ይወፍራልም። ትራንዚስተር ግን አቅሙ ሲያልቅ ጫፉን በአንድ ጊዜ ስለሚቆርጠው ድምፁ ለጆሮ ይጎረብጣል። ጥሩ አምፕሊፋየር ክሩ በለስላሳ ሲነካ ንጹሕ፣ ጠንክሮ ሲመታ ሻካራ ድምፅ ይሰጣል፤ ገዢው ሊያዳምጠው የሚገባውም ይህንኑ ነው። በኤሌክትሪክ ክራርም ቢሞከር መርሁ አንድ ነው። 22 ዋት ሲባል ትንሽ የሚመስለው ሰው ግን ይሳሳታል፤ ይህ መጠን በመኖሪያ ቤት ውስጥ ጎረቤት የሚያስነሳ ነው።

ከድምፁ በፊት ግን መታየት ያለበት የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጣ አምፕሊፋየር የተሠራው ለ120 ቮልት ሲሆን የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት ነው። በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ሲገዛም አቅሙ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ከተጻፈው የኃይል ፍጆታ በግልጽ የሚበልጥ መሆን አለበት። ለ230 ቮልት የተሠራው ዓይነት ከተገኘ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል።

አዲሱ ከጥንቱ የሚሻልበት አንድ ነገርም እዚህ ላይ አለ። በ1960ዎቹ የተሠሩት ባለ ሁለት እግር ሶኬት ስለነበራቸው ጊታሩን የያዘውን ሰው ኤሌክትሪክ የመያዝ አደጋ ነበራቸው፤ አዲሱ የመሬት ሽቦ ያለው ባለ ሦስት እግር ነው። ሦስተኛውን እግር ቆርጦ መሰካት ግን ይህን ጥበቃ ያጠፋል፤ የቤቱ መስመር ራሱ የመሬት ሽቦ ከሌለውም እንዲሁ። ስፒከሩ ተነቅሎ አምፕሊፋየሩን ማብራት የውስጡን ትራንስፎርመር ሊያቃጥል ይችላል። ሽፋኑን መክፈትም የባለሙያ ሥራ ነው፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ ካፓሲተሮቹ ከ400 ቮልት በላይ ሊይዙ ይችላሉ።

ሸክሙ ለሚያሳስበው ሙዚቀኛ፣ ዳግም የተሠራው ወደ 19 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ኩባንያው በ2019 ያወጣው ቲዩብ አልባ ዲጂታል አምሳያ ከዚህ ጥቂት ከግማሽ በላይ ብቻ የሚመዝን ሲሆን፣ በምሽት ሥራ ከቦታ ቦታ ለሚዘዋወር ተጫዋች ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የቲዩቡን የመረጠ ግን ከጠፋ በኋላ ቲዩቦቹ እስኪቀዘቅዙ ሳይጠብቅ ማንሳት የለበትም።