ልጥፍ

በኮላ ድባ ከተማ ኩበት ይጠፈጠፋል፣ ግድግዳ በጭቃ ይመረጋል፣ ማስታወቂያ ይለጠፋል። «ለጠፈ» ማለት አጣበቀ ነው።

ዛሬ «ልጥፍ» መድኃኒትም ሆኗል። እጅ ለሚያንቀጠቅጠው፣ እርምጃ ለሚያዘገየው የፓርኪንሰን ሕመም የሚሰጠው የሮቲጎቲን ልጥፍ ቆዳ ላይ ተጣብቆ 24 ሰዓት መድኃኒቱን በዝግታ ወደ ደም ያሰርጋል፤ በአንጎል ውስጥ የጎደለውን ዶፓሚን ተክቶ ይሠራል። ልጥፉ ሲሞከር ለአንዱ ታማሚ እውነተኛው፣ ለሌላው መልኩ አንድ የሆነ ባዶ ልጥፍ ተሰጠ፤ የቱ ለማን እንደደረሰ ታማሚውም ሐኪሙም አያውቁም ነበር። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2006፣ አሜሪካ በ2007 ፈቀዱት። በ2008 መድኃኒቱ ልጥፉ ላይ እንደ ጨው እየጠጠረ ስላስቸገረ ከአሜሪካ ገበያ ወጣ፤ ተሻሽሎ በ2012 ተመለሰ።

እንግዲህ ልጥፉን «ፕላስተር» አንበለው። ፕላስተር ቁስል ይሸፍናል፤ ልጥፍ መድኃኒት ያሰርጋል።