ሙሉው፣ የተሞላውና ባዶው

በምኒልክ ዘመን መጨረሻ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ገበያዎች መልስ በጥይት ይሰጥ ነበር። ትልቁ ገንዘብ የማርያ ቴሬዛ ብር ነው፤ እሱን የሚመነዝር ሳንቲም ግን ከአዲስ አበባ በራቁ ቁጥር ይጠፋል፤ ቢገኝም ባለገበያው አያምነውም። አሞሌ ጨው ዝናብ ያሟሟዋል። ጥይት ከእጅ ወደ እጅ ቢዞር አያልቅም፣ በዝናር ታጥቀውት ይሄዳሉ፣ የሚሸጥ ቢታጣ እንኳ ይተኮሳል። ብር ይህን ሁሉ አያደርግም።

ገንዘብ ከሆነ ዘንድ ጥይትም እንደ ማንኛውም ገንዘብ ይመረመር ነበር። ከፋብሪካ እንደ ወጣ የተቀመጠው ሙሉ ጥይት አንድ ነው። ተተኩሶ እንደገና በአገር ባሩድና በአገር አረር የተሞላው ሌላ ነው። ባዶው ቀለህም ሦስተኛ ነው፤ ናስ ስለሆነና እንደገና ስለሚሞላ እሱም ዋጋ አለው። አስቸጋሪው መካከለኛው ነው። ከላይ ሲያዩት ሙሉውን ይመስላል፤ ገበናው የሚወጣው ቃታ ሲሳብ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋናው ባለጉዳይ ውጅግራ የሚባለው የፈረንሳይ ጠብመንጃ ነው። ፈረንሳይ ለጦሯ የመረጠችው እ.ኤ.አ. በ1874 ነበር። አፉ 11 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ 25 ግራም ድፍን እርሳስ፣ ጉርሻው 5 ግራም ከሩብ ጥቁር ባሩድ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጢስ የሌለው ባሩድ ተፈለሰፈ፤ የፈረንሳይ ጦርም እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ለበል ተሻገረ። የተጣለው ውጅግራ ገዥ መፈለግ ነበረበት። በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ፤ የ1890ው (እ.ኤ.አ.) የብራስልስ ስምምነት የጦር መሣሪያ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ቢከለክልም ነጋዴው አልቆመም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ከግብፆች የማረከው የአሜሪካ ሬሚንግተን በአገር ውስጥ ተሰራጭቶ ነበር። አድዋ ላይ ሁለቱም ነበሩ።

ወደ ኦሞ የወረዱት ከአድዋ በኋላ ነው። በ1890 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከከፋ ተነሥቶ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ዛሬ ቱርካና እስከሚባለው ድረስ ዘለቀ። አብሮ የተጓዘው ሩሲያዊ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ያየውን ጽፎ ከሁለት ዓመት በኋላ በአገሩ አሳትሟል። ጂንካ ከተማ ሳትሆን በፊት የአካባቢው የጦር ሰፈር በአሪ ምድር፣ ባኮ ላይ ነበር። አሪው ገባር ሆነ፤ ነፍጥ የያዘው ከገባሩ እህልና ጉልበት ሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ ኃይል የሚለካው በጠብመንጃና በዝናር ነው። ዝሆን ደግሞ ነበር። የዝሆን ጥርስ ወደ ማጂና ወደ ሌሎች ገበያዎች ይወጣል፤ በምላሹ ጠብመንጃና ጥይት ይወርዳል። የቆላው ሕዝብም መሣሪያ ያገኘው አንድም በዚህ ንግድ ነው።

የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ከዚያ እስከ ባኮ ያለው መንገድ የበቅሎና የእግር ነበር። ስለዚህ የተተኮሰ ቀለህ መሬት ላይ አይቀርም ነበር። ይለቀማል፣ ይጸዳል፣ ይሞላል። ባሩድ ከድኝ፣ ከከሰልና ከጨዋማ ማዕድን መቀመም በኢትዮጵያ የቆየ ሙያ ነው፤ እርሳስ ማቅለጥ ደግሞ ለአንጥረኛ ቀላሉ ሥራ ነው። አካባቢው አንጥረኛም አልጎደለውም፤ የአሪ ብረት ሠሪዎች የታወቁ ናቸው፣ የዲሜ ሰዎችም ከአፈር ብረት አቅልጠው ለጎረቤት ይሸጡ ነበር።

ታዲያ የተሞላ ጥይት ለምን ይስታል? ይህ ጥያቄ ኦሞ ዳር ብቻ የተጠየቀ አይደለም። ውጅግራ በተመረጠበት በዚያው በ1874 መስከረም፣ ኒው ዮርክ አጠገብ ክሪድሙር በተባለ ሜዳ ላይ የአየርላንድና የአሜሪካ ተኳሾች በ800፣ በ900 እና በ1,000 ያርድ ተወዳድረው ነበር። አሜሪካኖቹ ከኋላ የሚጎርስ ሬሚንግተንና ሻርፕስ ያዙ፤ አየርላንዶቹ ከአፈሙዝ የሚጎርስ ሪግቢ። ውጤቱ 934 ለ931 ሆነ፤ አሜሪካኖቹ አሸነፉ። ከአየርላንዶቹ አንዱ የሌላ ሰው ዒላማ መሐል ለመሐል መትቶ ዜሮ ተሰጠው። የአሸናፊዎቹን ጠብመንጃ ከሠሩት አንዱ በጉንደት ለተዋጋው የግብፅ ወታደር መሣሪያ የሠራው ያው ሬሚንግተን ነው።

የዚያ ዘመን የዒላማ ተኳሾች ጥይታቸውን ራሳቸው ይሞሉ ነበር። እንዲያውም በአሜሪካ አንዳንዶቹ ቀኑን ሙሉ በአንድ ቀለህ ብቻ ይተኩሱ ነበር፤ ያወጡታል፣ ያንኑ ይሞሉታል፣ መልሰው ያጎርሱታል። ቀለህ መሙላት በራሱ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ከእነሱ የባሰ ሳች ባልተገኘ። የማሳቹሴትሱ ሐኪም ፍራንክሊን ማን ነገሩን እስከ ጥግ ገፋው። ጠብመንጃውን በከባድ የሲሚንቶ መደብ ላይ አስሮ፣ የሰው እጅ እንዳይነካው አድርጎ ለብዙ ዓመታት ተኮሰ፤ ያገኘውንም እ.ኤ.አ. በ1909 በመጽሐፍ አወጣ። ጠብመንጃው ሳይነቃነቅም አረሮቹ ይበታተናሉ። ዋናው ጥፋት ከአረሩ ዘንድ ነበር፤ ቂጡ ትንሽ ዘንበል ካለ ወይም አንድ ጎኑ ከሌላው ከከበደ ከአፈሙዝ ሲወጣ ይወላገዳል።

እንግዲህ የባኮውን ጥይት ሞይ ከዚህ ጋር ማነጻጸር ነው። ባሩዱ በእጅ የተወቀጠ ስለሆነ አንዱ ፍሬ ደቃቅ፣ ሌላው ሻካራ ነው፤ ደቃቁ ቶሎ ይነድዳል፣ ሻካራው ይዘገያል። ጥቁር ባሩድ እርጥበት ይስባል፤ በክረምት ጂንካ አካባቢ ያደረ ባሩድና ከኦሞ ቆላ ሙቀት የመጣ ባሩድ እኩል አይገፉም። አረሩ ከተገኘው እርሳስ፣ በተገኘው ቅርጽ የፈሰሰ ነው፤ በሆዱ አየር ቢቀር ማንም አያየውም። ቀለሁ በተተኮሰ ቁጥር ይሰፋል፤ አንገቱ ከላላ አረሩን አጥብቆ አይዝም። ከሁሉ የሚብሰው ቂጡ ላይ ያለችው፣ ስትመታ እሳት የምትሰጥ ትንሽ ቆብ ናት። በብዙ የአውሮፓ ወታደራዊ ጥይቶች ከቆቧ ሥር ያለው መደገፊያ ከቀለሁ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ የተቃጠለችውን ቆብ አውጥቶ ሌላ ማስገባት ትዕግሥት ይፈትናል፤ ሌላ ቆብ ከየት ይመጣል የሚለውም አለ። በዚህ ላይ ጥቁር ባሩድ የቱቦውን ጠመዝማዛ ቦይ በጥላሸት ይሞላል። መጀመሪያ የተተኮሰውና አሥረኛው አንድ ቦታ ቢያርፉ ነው የሚገርመው።

የአሜሪካው ተኳሽና የባኮው ሞይ የሚለያዩት በሚዛን ነው። አንዱ እያንዳንዱን ጉርሻ መዝኗል፤ ሌላው ሰፍሯል። በሙያ ያነሰ ነበር ማለት ግን ስሕተት ነው። የእሱ ጥይት የሚፈተነው በ1,000 ያርድ ሳይሆን ጎሽ ወይም ዝሆን ቀረብ ተብሎ በሚተኮስበት ርቀት ነው፤ እዚያ ደግሞ አንድ ስንዝር ግራ ቀኝ ማለት አያስርብም። አለመፈንዳት ግን ይገድላል። ከተሞላ ጥይት ጋር ይህ ሥጋት ነበር፤ ዋጋውም ከሙሉው በታች መሆኑ ተገቢ ነው።

የጣሊያን ወረራ ነገሩን አወሳሰበው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታትና ወዲያው በኋላ በአገሩ የተበተነው መሣሪያ ዓይነቱ በዛ፤ የጣሊያኑ 6.5 ሚሊ ሜትር፣ የእንግሊዙ 7.7፣ ቀድሞ የገባው የቤልጅግና የቼኮዝሎቫኪያ ማውዘር 7.92፣ አሮጌው ለበል 8። እያንዳንዱ የራሱን ጥይት ይፈልጋል። ጣሊያን ራሷ እ.ኤ.አ. በ1938 አፉን ወደ 7.35 ለውጣ መልሳ ወደ 6.5 ስለተመለሰች የሚመሳሰሉ ሁለት ጠብመንጃዎች ነበሯት፤ በሰፊው አፍ ጠባቡን አረር የሚተኩስ ሰው የሚስተው በእጁ ድካም አይደለም። ጢስ የሌለውን ባሩድ በአሮጌ ውጅግራ ቀለህ ውስጥ የሚጨምር ሰው ደግሞ ከመሳት ያለፈ አደጋ ይጠብቀዋል፤ ያ ጠብመንጃ ለዚያ ግፊት አልተሠራም።

ጥይት ከገንዘብነት በሌላው አገር ሲወጣ በታችኛው ኦሞ ቆየ። ጠብመንጃ በሙርሲ ዘንድ ከጥሎሽ ከብት ጋር ይቆጠራል፤ እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መዝግቦታል። ፈረንሳዊው ሰርዥ ቶርናይ ስለ ኛንጋቶም የጻፈውን መጽሐፍ በጠብመንጃ መሰየሙም ያለ ነገር አይደለም።

ከዚያ ክላሽ መጣ። ኛንጋቶሞች በሱዳን በኩል ቀድመው አገኙት፤ በ1979 ዓ.ም. በሙርሲ ላይ ባደረሱት ጥቃት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አንድ በአንድ የሚተኮሰው አሮጌ ጠብመንጃ በአንድ ቀን ከንቱ ሆነ። ከእሱ ጋር የሞዩ ሥራም አበቃ። የሶቪየት ክላሽ ጥይት ቀለሁ አብዛኛውን ጊዜ ናስ ሳይሆን ቀለም የተቀባ ብረት ነው፤ ተተኩሶ ሲወጣ እንደገና ለመሙላት አይመችም፣ ለአንጥረኛም የሚጠቅም ናስ የለውም። ባዶው ዋጋ አጣ። ዛሬ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያንና የጥይትን ነገር በፈቃድና በቁጥጥር ሥር አድርጎታል።

ስለ ጥይት መሙላት ሙያ እስካሁን የተጻፈው ባብዛኛው የውጭ መንገደኞችና ተመራማሪዎች በማለፍ ያዩት ነው። የጂንካ ዩኒቨርሲቲና ከከተማዋ በላይ ኮረብታው ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከል ሙዚየም አረር ሲፈስ፣ ቀለህ ሲሞላ በልጅነታቸው ያዩ አዛውንቶችን ቃል ዛሬ ቢቀርጹ፣ የናስ ቀለሁንም ከነቅርጽ ማፍሰሻው ቢሰበስቡ መልካም ነው። ነገ ጠያቂው ቢበዛ መላሹ ያልቃል።