ከቅኔ ጎጆ የወጣ ድፍረት

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ደንበጫ የሚጓዝ ሰው በማቻክል ደጋ ላይ የአማኑኤልን ከተማ ያገኛል። ዛሬ መኪና በሚመላለስበት በዚህ ደጋ፣ በቀድሞው ዘመን ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶና የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ ቅኔ ፍለጋ የሚወጣ ልጅ ብዙ ነበር። አንዱ ወደ ደብረ ኤልያስ፣ ሌላው እስከ ዲማ ጊዮርጊስ ይሄዳል።

የማኅበራችን አባሎች እንደሚያውቁት የጥንቱን ትምህርት «ሽምደዳ ብቻ» ብሎ መንቀፍ የተለመደ ነው። ለቅኔ ቤት ግን ይህ ነቀፋ አይስማማውም። ተማሪው ግሡንና አገባቡን ካጠና በኋላ ከጓደኞቹ ተለይቶ በዛፍ ሥር ይቀመጥና ቅኔ ይቈጥራል፤ ከዚያም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ያድጋል። የትናንት ቅኔ ለዛሬ አያገለግልም፤ የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብም ነውር ነው። ስለዚህ ልጁ በየጊዜው ያልነበረ ነገር ማሰብ፣ በየጊዜውም በሰው ፊት መታረም ግድ ይሆንበታል። ቤቱ የጎደለ ወይም ሰሙ ከወርቁ ያልተስማማ እንደ ሆነ መምህሩ ያፈርሱታል፤ ጓደኞቹም ይሰማሉ። ያ ልጅ በማግሥቱ ሌላ ቅኔ ይዞ ይቀርባል። (ረኀቡንና እከኩን ማሞገስ ግን አልሻም፤ በዚያ ምክንያት ትምህርቱን ጥሎ የተመለሰው ጥቂት አይደለም።)

ከእነዚህ ልጆች አንዱ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ቅኔ ከተማሩ በኋላ አዲስ አበባ መጥተው ወደ ዘመናዊው ትምህርት ገቡ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማረኩና በኢጣልያ ሰባት ዓመት ያህል ታሰሩ። ኋላም በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገለገሉ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ከሹመታቸው ሁሉ ይልቅ ስማቸውን አስጠርቷል።

በዚህ ልቦለድ ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች በልማድ የሚጠየቁትን እጅ መንሻ አንሰጥም ይላሉ፤ ሊቀጧቸው የዘመቱት ፊታውራሪም ተሸንፈው ይማረካሉ። ጉዱ ካሣም የቆየው ሥርዓት እንደማይዘልቅ ይናገራል፤ ሰሚዎቹ እንደ እብድ ይቈጥሩታል። ደራሲው ያዩት አመፅ በምናባቸው ብቻ ነበር።

ሁለት ዓመት ሳይቆይ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣና የጎጃም ገበሬ በእውነት ተነሣ። ነገሩ እንደ ልቦለዱ አልነበረም፤ ይህኛው ገበሬ ባለ ርስት ሲሆን ክርክሩም ከመንግሥት ጋር ነበር። መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊነጠቅ ነው የሚል ስጋት ያዘው። ያልመጣውን እንደ መጣ አድርጎ ያየው በምናቡ ነውና፣ ፍርሃትም ከዚያው ምንጭ እንደሚቀዳ መካድ አይቻልም። እኔ ግን ገበሬውን አልወቅስም። ሐሳብ ያጠራቸው አዋጁን ያረቀቁት ይመስሉኛል፤ አንድ ቀን እንኳ በባለ ርስቱ ቦታ ቆመው «ይህን አዋጅ ብሰማ ምን እላለሁ?» ብለው ራሳቸውን የጠየቁ አይመስልም። ጦርና አውሮፕላን ተላከ፤ ሰው አለቀ፤ በመጨረሻም ውዝፉ ግብር ተማረ፣ እንደራሴውም ተነሡ።

የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሲናገር ወርቁን፣ ወርቁን ሲያስብ ሰሙን እንዲያስተውል ይሠለጥናል። አንድን ነገር ከሁለት ወገን የማየት ልማድ ሐዲስ ዓለማየሁን የጠቀማቸው ይመስለኛል፤ በመጽሐፋቸው ፊታውራሪው እንኳ የሚያሳዝኑበት ጊዜ አለ። በዛብህ ደግሞ የዲማ ቅኔ ተማሪ ነው፤ ያሰበው አይሳካለትም። የተሳካለት ጀግና ቢሆን ኖሮ አንባቢ እንዲህ ባልወደደው።

ከዓመታት በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። ያን ጊዜ ፊደል ያልቈጠረ ገበሬም፣ ሬዲዮ ካለው ጎረቤቱ ቤት ተቀምጦ፣ ፊታውራሪ መሸሻ በገበሬ እጅ ሲወድቁ ሰማ።