ድንገተኛ የሆድ ሕመምን በኮምፒውተር ረዳትነት መለየት፦ የሊድስ ጥናት

የሊድስ ጥናት በእንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ቀዶ ሐኪሙ ቲም ደ ዶምባልና ባልደረቦቹ ያካሄዱት፣ የድንገተኛ ሆድ ሕመምን መንስኤ በኮምፒውተር እየታገዙ የመለየት ምርምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በታተመው ዘገባ 304 ሕሙማን ተካተዋል። ኮምፒውተሩ በ91.8 በመቶው፣ ሕሙማኑን ያየው ከፍተኛ ሐኪም ደግሞ በ79.6 በመቶው ላይ መንስኤውን በትክክል ለይተዋል። ጥናቱ ከዚያ ወዲህ ማሽን ሐኪምን የበለጠበት ማስረጃ ተደርጎ ሲጠቀስ ቆይቷል። ቁጥሮቹ እውነት ቢሆኑም ይህ ንባብ የምርምሩን ዋና ፍሬ ያልፈዋል። ሊድስ ከሁሉ በላይ ያሳየው የሐኪሙ አጠያየቅና አመዘጋገብ ሲስተካከል የራሱ የሐኪሙ ፍርድ እንደሚስተካከል ነው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ሐኪሙ አስቀድሞ በተዘጋጀ ቅጽ ላይ ሕመሙ የት እንደ ጀመረና አሁን የት እንዳለ፣ ሲያስል ወይም ሲንቀሳቀስ ይብስበት እንደሆነ፣ ምግብ ዘግቶት እንደሆነ፣ አስታውኮ እንደሆነ ይሞላል፤ ሆዱን በእጁ ሲጫን ጡንቻው ይጠጥር እንደሆነም ያሰፍራል። ኮምፒውተሩ በቶማስ ቤይዝ የፕሮባቢሊቲ ስሌት እነዚህን ምልክቶች ቀደም ሲል ከተመዘገቡ ሕሙማን ጋር ያመሳክርና ለሰባት መንስኤዎች፣ ለምሳሌ ለትርፍ አንጀት፣ ለተበሳ የዱዎዲነም (የትንሹ አንጀት መጀመሪያ) ቁስል፣ ለአንጀት መዘጋት፣ የየራሳቸውን ዕድል ያወጣል። እምብርት አካባቢ ጀምሮ ወደ ታች ወደ ቀኝ የወረደ ሕመም ትርፍ አንጀትን ያስጠረጥራል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የስሌቱ ጥቅም እያንዳንዱ ደካማ ምልክት ተገቢ ክብደቱን ይዞ ከሌሎቹ ጋር መደመሩ ነው።

ወሳኙ ማስረጃ በ1974 በወጣው ተከታይ ዘገባ ይገኛል። ጥናቱ በሚካሄድበት ወቅት ከቀዶ ሕክምና በፊት የፈነዳ ትርፍ አንጀት ከ36 በመቶ ወደ 4 በመቶ ወረደ፤ ምንም ሳይገኝ በከንቱ የሚከፈተው ሆድም በእጅጉ ቀነሰ። በነሐሴ 1972 ጥናቱ ሲዘጋ ሁለቱም ወደ ቀድሞው ደረጃቸው ማምራት ጀመሩ። የሐኪሞቹ እውቀት በጥቂት ወራት ውስጥ አልጠፋም፤ የጠፋው ምልክትን አንድ በአንድ የመጠየቅ ግዴታና ግምታቸው ልክ ይሁን ስህተት የሚነግራቸው መረጃ ነው። በ1986 በስምንት ማዕከላት 16,737 ሕሙማንን ያካተተ ጥናትም የመጀመሪያ ምርመራ ትክክለኛነት ከ45.6 ወደ 65.3 በመቶ ማደጉን፣ የፈነዳ ትርፍ አንጀት ድርሻም ከ23.7 ወደ 11.5 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

ሐኪሞቹ የተጠነቀቁት እንደሚታዩ ስለሚያውቁ ብቻ ነው የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። ከፊሉ ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ክትትል ያመጣው ጥንቃቄ ትርፍ አንጀቱ ሳይፈነዳ ለቀዶ ሕክምና የሚያደርስ ከሆነ፣ ይህ ክትትሉን ዘላቂ ለማድረግ ምክንያት እንጂ ጥናቱን ለመጣል ምክንያት አይሆንም። ሲቲ ስካን ነገሩን አበቃው የሚሉም አሉ። ሲቲ ስካን ትርፍ አንጀትን በሚገባ ያሳያል፤ ማን ወደ ማሽኑ ይሂድ፣ ማን ተኝቶ ይታይ የሚለው ግን አሁንም የሚወሰነው ከአልጋው አጠገብ ነው፤ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ጨረሩም መታሰብ አለበት። ሐኪሙ አልፍሬዶ አልቫራዶ በ1986 ያወጣው ባለ 10 ነጥብ የትርፍ አንጀት መመዘኛ ኮምፒውተር ሳያስፈልገው እስከ ዛሬ የሚሠራበት ለዚህ ነው።

ከሁሉ ጠንካራው ተቃውሞ የስሌቱ መነሻ የአገሩ በሽታ መሆኑ ነው። የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከአንጀት መዘጋት ዋነኛ መንስኤዎች አንዱ ሆኖ ሲታይ፣ በሊድስ የመንስኤዎች ሰንጠረዥ ግን ራሱን የቻለ ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ዘዴው ከአገር አገር ሊሻገር ይችላል፤ ቁጥሩ ግን አይሻገርም። ቅጹን የሚሞላው ሆስፒታል ቀዶ ሕክምናው ያሳየውን የመጨረሻ ውጤት ከመጀመሪያው ግምት ጎን እየመዘገበ የራሱን ሰንጠረዥ ማውጣት ይኖርበታል።