በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የጦር ሰፈር ነጋዴዎች ያወጡት ገንዘብ

ከ1861 እስከ 1865 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ጦር ወታደሮች ከመንግሥት ገንዘብ ጎን ለጎን፣ ነጋዴዎች ራሳቸው ባስቀረጿቸው ትንንሽ የብረት ምልክቶች ይገበያዩ ነበር። ምልክቶቹን የሚያወጡት «ሰትለር» የሚባሉ፣ ወታደር ሳይሆኑ ሬጅመንቱን እየተከተሉ እንዲነግዱ ፈቃድ የተሰጣቸው ሰዎች ነበሩ። ከድንኳናቸው ትምባሆ፣ አይብ፣ የታሸገ ምግብ፣ መርፌና የደብዳቤ ወረቀት ይሸጡ ነበር።

ለዚህ አሠራር መስፋፋት ሁለት ምክንያቶች ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው የዝርዝር ሳንቲም እጥረት ነው። በ1861 መጨረሻ ባንኮች የወረቀት ገንዘብን በወርቅና በብር መመንዘር በማቆማቸው ሕዝቡ ሳንቲሙን ደብቆ ያዘ። እጥረቱ ከመክፋቱ የተነሣ ኮንግረስ በሐምሌ 1862 የፖስታ ቴምብር እንደ ገንዘብ እንዲያገለግል ፈቀደ። ሁለተኛው የደመወዝ መዘግየት ነው። የአንድ ተራ ወታደር ደመወዝ በወር 13 ዶላር ሲሆን በየሁለት ወሩ መከፈል ሲገባው ብዙ ጊዜ ለወራት ይዘገይ ነበር።

ገንዘብ ያልያዘው ወታደር ወደፊት የሚከፈለውን ደመወዝ መያዣ አድርጎ ምልክቶቹን በዱቤ ይወስዳል። አብዛኛውን ጊዜ ከናስ ወይም ከመዳብ የተሠሩ ሲሆኑ፣ የነጋዴው ስም፣ የሬጅመንቱ መጠሪያ፣ እንደ 5፣ 10፣ 25 ወይም 50 ሳንቲም ያለ ዋጋና በሸቀጥ ብቻ እንደሚመነዘሩ የሚገልጽ ቃል ይቀረጽባቸዋል። በሌላ ነጋዴ ዘንድ ዋጋ ስላልነበራቸው፣ የተቀበላቸው ወታደር ያንኑ ነጋዴ ከመደራደር በቀር አማራጭ አልነበረውም።

ኮንግረስ በመጋቢት 1862 ባወጣው ሕግ ለአንድ ሬጅመንት አንድ ነጋዴ ብቻ እንዲኖር፣ የሸቀጦቹም ዋጋ በመኮንኖች እንዲተመን ደነገገ። ነጋዴው በዕዳ ሊይዝ የሚችለውም ከወር ደመወዝ አንድ ስድስተኛውን ብቻ ሆነ፤ ይህም ከ13 ዶላር ላይ 2 ዶላር ከ17 ሳንቲም ያህል ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው ሕግ ከአንድ ዶላር በታች የሆኑ የግል ምልክቶችን እንደ ገንዘብ ማዘዋወርን ቢከለክልም አሠራሩ ወዲያው አልቆመም። ሸክሙ በጥቁር ወታደሮች ላይ ይበልጥ ይከብድ ነበር፤ ደመወዛቸው በ1864 ከነጮቹ ጋር እንዲተካከል እስከተወሰነበት ጊዜ ድረስ ከ10 ዶላር ላይ 3 ዶላር ለልብስ እየተቀነሰ 7 ዶላር ብቻ ይደርሳቸው ነበርና።

ኮንግረስ በ1866 ባሳለፈው ውሳኔ የሰትለርነት ሥራ ከሐምሌ 1 ቀን 1867 ጀምሮ እንዲቀር፣ የጦሩ የስንቅ ክፍልም ሸቀጦቹን ያለ ትርፍ ለወታደሮች እንዲያቀርብ አዘዘ። ከጦርነቱ የተረፉት ምልክቶች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ በላያቸው ከተቀረጸው ዋጋ እጅግ በሚበልጥ ገንዘብ ይሸጣሉ።